ስሙ የተጠራ ሕመም፦ የአቶ ገብረዮሐንስ ተስፋልደት የሕይወት ታሪክ

አቶ ገብረዮሐንስ ተስፋልደት ከአባታቸው ከአቶ ተስፋልደት ሐጎስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርኽቲ ገብረመድኅን፣ በትግራይ አዲግራት ከተማ፣ ጥር 21 ቀን 1949 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ተወለዱ። ከሦስት ልጆች መካከለኛው ነበሩ፤ ታላቃቸው አቶ መድኃኔ፣ ታናሻቸው ወይዘሮ ሀና ይባላሉ። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው የልብስ ስፌት መኪናቸውን አውቶቡስ ላይ አስጭነው ቤተሰቡን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። አቶ ገብረዮሐንስ ቤት ውስጥ ትግርኛ፣ ደጅ አማርኛ፣ ሱቅ በር ላይ ጉራጊኛ እየሰሙ አደጉ። አገርህ የት ነው ላላቸው ሁሉ መልሳቸው ፒያሳ ነበር።

ፊደል የቆጠሩት በሰፈሩ የቄስ ትምህርት ቤት ሲሆን መደበኛ ትምህርታቸውን በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በ1966 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ለኅትመት በሚደረድር በፊደል ለቃሚነት ተቀጠሩ፤ ጥቂት ቆይተውም አራሚ ሆኑ። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንጀራቸው የሰው ስሕተት ነበር። ሥራውም ከቢሮ ውጭ አልለቀቃቸውም፤ ቡና ቤት ገብተው ግድግዳው ላይ የተሳሳተ ፊደል ካዩ ባለቤቱን አስጠርተው ይሟገቱ ነበር፣ ማኪያቶአቸው በርዶ ይቀራል። የሰፈሩ ነጋዴዎች አዲስ ማስታወቂያ ሲሰቅሉ አስቀድመው ለእርሳቸው ያሳዩ የነበረው ለአክብሮት ብቻ አይደለም፣ ለመገላገልም ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቆንጅት እንዳለ ጋር ትዳር መሥርተው በ1976 ዓ.ም. አንድያ ልጃቸውን ሰመረን ወለዱ።

አባታቸው አቶ ተስፋልደት በ1979 ዓ.ም. ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉትም ያነበቡትም አቶ ገብረዮሐንስ ናቸው። ድምፃቸው ወፍራም፣ የማይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ዕለት የሰሟቸው የእድር ሰዎች በሚቀጥለው ለቅሶ ሊጠሯቸው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ድንኳን ይተከላል፣ ቀጥሎ ጋሽ ገብሬ ይጠራሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ከሐዘንተኛው አጠገብ ይቀመጡና መቼ ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ መቼ አገቡ፣ ስንት ልጅ ወለዱ እያሉ ይጠይቃሉ። ከምሽቱ በፊት ጽፈው ጨርሰዋል። ራሳቸው እየሳቁ «በእኔ ጽሑፍ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም» ይሉ ነበር። ሰካራሙ ተጫዋች፣ ቆጣቢው አስተዋይ፣ ተሳዳቢው ደግሞ ግልጽ ሰው እየሆነ ይቀበር ነበር።

አንድ ነገር ግን አይጠይቁም ነበር፤ ሰውየው በምን እንደ ሞተ። እዚያ ሲደርሱ እጃቸው ሳያስቡት «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብሎ ይጽፍና ወደ ቀኑ ይሻገራል። ማንም አላስተማራቸውም፤ ሁሉም እንደዚያ ስለሚያደርግ ነው። ሰው ገበናው አብሮት ይቀበር የሚል ጨዋነት ነበር። ሐኪም የነገረውን የሕመም ስም በአደባባይ መናገር ሟቹን ማራቆት ይመስላቸዋል፤ ሕመሙ ከወገብ በታች ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም። አባታቸው ባደረባቸው ሕመም አረፉ። እህታቸው ወይዘሮ ሀና በ2001 ዓ.ም. ገና በአርባ ስምንት ዓመታቸው ባደረባቸው ሕመም አረፉ። ወንድማቸው አቶ መድኃኔም በ2009 ዓ.ም. ባደረባቸው ሕመም አረፉ። ሦስቱንም የጻፉት እርሳቸው ናቸው፣ ሦስቱንም ያነበቡት እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ መካከል፣ በ1989 ዓ.ም.፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቆንጅት በመኪና አደጋ በድንገት አረፉ። የሚስታቸውንም ራሳቸው ጻፉ። ሊያነቡ ቆመው የቆንጅት ስም ላይ ሲደርሱ ግን ያ ወፍራም ድምፅ ተቋረጠ። ሕዝቡ ጥቂት እንደ ጠበቀ ጎረቤታቸው አቶ ዑዘይር ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡላቸው። አቶ ገብረዮሐንስ ይህን ውለታ ሁልጊዜ ያነሡታል፤ ሲያነሡት ግን ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ሳልሰናበታት ቀረሁ ብለው ያስቡ እንደ ነበር ለወንድማቸው ልጅ ነግረዋታል።

ያቺ የወንድም ልጅ ይህን የሕይወት ታሪክ ያጠናቀረችው ሉዋም መድኃኔ ናት።

ወይዘሮ ቆንጅት ሲያርፉ ሰመረ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አባትና ልጅ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቀሩ። አልተጣሉም፣ አልተኳረፉም፤ ብቻ የሚነጋገሩትን የሚሰጧቸው ወይዘሮ ቆንጅት ነበሩ። አባት «በላህ?» ይላሉ፤ ልጅ «በላሁ» ይላል። ለሰው ሁሉ ቃል የማያጡት ሰው ለልጃቸው ከዚህ የሚበልጥ ቃል አልነበራቸውም። ሰመረ አድጎ የኤሌክትሪክ ሥራ ተማረ፣ አገባ፣ ሰሚት አካባቢ ቤት ያዘ፣ ሴት ልጅ ወለደና በአባቱ እናት ስም ብርኽቲ አላት። በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣ ነበር። ዶሮውን በልቶ፣ ስለ መብራት መጥፋትና ስለ መንገዱ ተናግሮ፣ «በሉ አባዬ» ብሎ ይሄዳል። አቶ ገብረዮሐንስ እስከ ዋናው መንገድ ይሸኙታል። ታክሲው ከሄደ በኋላም እዚያው ቆመው ይቆዩ እንደ ነበር ጎረቤት ያየው ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበተነ። እድሩ በስም ቢኖርም ሰው ሲሞት ግማሹ ይሰማል፣ ግማሹ አይሰማም። ለአቶ ገብረዮሐንስ ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ንጹሕ ቤት ነው፣ ውኃም አለው። እርሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ፒያሳ ይወርዱ ነበር። የሚያውቁት ባንኮኒ ቆመው ማኪያቶ ይጠጣሉ፤ አስተናጋጁ አያውቃቸውም። ከዚያ በእግራቸው ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይወርዱና አቶ ዑዘይር ቁልፍና ጓጉንቸር ከሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። አቶ ዑዘይር «እኔና አንተን ያስቀሩን ለቅርስነት ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ «ገብሬ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው አነበብክ፤ አንተ ስትሞት ማን ሊያነብልህ ነው? እኔ እንደሆን ዓይኔ ደክሟል» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ። አቶ ገብረዮሐንስ ማታ በአውቶቡስ ሲመለሱ ጥያቄው አብሯቸው ተሳፈረ፣ ቤታቸውም ገባ።

ሕመማቸው የጀመረው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። ሽንት ሲያስቸግራቸው የዕድሜ ነው ብለው ያዙት፤ ለማንም ሳይናገሩ ዓመታት አለፉ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የወገብ ሕመም አላስቀምጥ ሲላቸው ሉዋም ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። የፕሮስቴት ካንሰር ነበር፤ ከቦታው አልፎ አጥንት ደርሷል። ሐኪማቸው ዶክተር ሐዊ ወጣት ሴት መሆናቸው አቶ ገብረዮሐንስን መጀመሪያ ክፉኛ አሳፍሯቸው ነበር። ለጥያቄያቸው የሚመልሱት መስኮት መስኮቱን እያዩ ነው።

ዶክተር ሐዊ በሁለተኛው ቀጠሮ ስለ ቤተሰብ ጠየቋቸው።

«አባባ፣ አባትዎ በምን ነበር ያረፉት?»

«ባደረባቸው ሕመም።»

«ወንድም ነበረዎት?»

«ነበረኝ። እሱም ባደረበት ሕመም።»

«እህትስ?»

አቶ ገብረዮሐንስ ያቺኑ ሐረግ ለሦስተኛ ጊዜ ማለት አልቻሉም። ዶክተሯ በትሕትና «አባባ፣ እኔ የሕመሙን ስም ነው የጠየቅኩት» አሏቸው። ያን ጊዜ አቶ ገብረዮሐንስ ወደ ሉዋም ዞረው «የለኝም። ሦስቱንም ጽፌ የሕመማቸውን ስም አላውቀውም» አሉ። ሉዋምም የራሷን አባት ሕመም ስም አታውቅም ነበር። «ኩላሊት ነገር» ተብላ ነበር፣ እርሷም አልገፋችበትም።

በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ወደሚኖሩት ወደ ሉዋም እናት ወደ ወይዘሮ ለምለም ሄዱ። ወይዘሮ ለምለም ጥያቄውን ሲሰሙ አንድ በአንድ ነገሯቸው። አማታቸው አቶ ተስፋልደት የፕሮስቴት ካንሰር ነበረባቸው። ባላቸው አቶ መድኃኔም ያው። ወይዘሮ ሀና ጡታቸውን ነበር የታመሙት፤ እብጠቱን ለማንም ሳያሳዩ ቆይተው። አቶ ገብረዮሐንስ ለምን እስከ ዛሬ እንዳልተናገሩ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ለምለም እንዲህ አሉ፦ «ሦስቱንም ያስታመምኩ እኔ ነኝ። ማን ጠየቀኝ? አንተ እንኳ ልትጽፍ መጥተህ የት ተማረ፣ መቼ አገባ ብለህ ሄድክ። ስቕ ኢለ፤ ዝም አልኩ።» ቁጣ አልነበረባቸውም። አቶ ገብረዮሐንስ ተነሥተው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ ወይዘሮ ለምለም አልፈቀዱላቸውም።

ዶክተር ሐዊ ይህን ከሰሙ በኋላ ያስረዷቸው ነገር፣ አቶ ገብረዮሐንስ በቃል እንዳጠኑት፣ እንዲህ ነው። አብዛኛው ካንሰር በዘር አይመጣም። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ግን ከአባት ወይም ከእናት የሚወረስ የዘረመል ለውጥ ይኖራል፤ ያ ለውጥ ወንዱን ለፕሮስቴት፣ ሴቷን ለጡት ካንሰር ከሌላው ሰው ይበልጥ ሊያጋልጥ ይችላል። ወላጅ ለውጡ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስም ያለመውረስም ዕድሉ እኩል ነው። የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለትም አይደለም። የሚያውቅ ሰው ግን ክትትሉን ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ወንዱ ከአርባ ዓመቱ ጀምሮ በደም ምርመራ፣ ሴቷ ደግሞ ከዚያም ቀድማ። በጊዜ የተገኘ ሕመም ብዙ ጊዜ ይታከማል። የአቶ ገብረዮሐንስ ናሙና ወደ ውጭ አገር ተልኮ ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ለውጡ ነበረባቸው። ሉዋምም ተመርምራ ተገኝቶባታል። አልታመመችም፤ ክትትል ላይ ናት፣ ይህንንም እዚህ የጻፈችው በራሷ ፈቃድ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለአቶ ገብረዮሐንስ የቀረው ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰመረ። ሰመረ አርባን አልፏል። አባቱ ወገባቸውን እንደሚያማቸው እንጂ የሕመሙን ስም አልነገሩትም ነበር። ሊነግሩት ሰሚት ድረስ ሄዱ። ልጃቸው ቤት ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፣ የልጅ ልጃቸውን የቤት ሥራ አረሙ፣ ስለ መንገዱ አወሩና ተመለሱ። ደግመው ሄዱ፤ እንደዚያው ሆነ። በሌላ ቀን እንደ ምንም ጀመሩት፣ «ሰመረ፣ ይሄ የእኔ ነገር በዘር...» ከማለታቸው ሰመረ ከመቀመጫው ተነሣ። «አባዬ፣ ይተዉት በእናትዎ። የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል» አለና የመብራት ቆጣሪውን ለማየት ወጣ። ቆጣሪው ደኅና ነበር። አቶ ገብረዮሐንስ ኮታቸውን ለብሰው ማንም ሳይሸኛቸው ሄዱ።

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። የእናቱን ሞት በአንድ ቀን የሰማ ልጅ የአባቱን ቀስ ብሎ መስማት አልቻለም። አባቱም ይህን ያውቁ ነበር፣ ለዚህ ነው ያልጫኑት። በመጨረሻው ክረምት ግን ብቸኝነቱ ጠናባቸው። ፒያሳ መውረድ አቆሙ። አቶ ዑዘይር ስልክ ሲደውሉ «ዛሬ አልወጣም፣ ነገ» ይሏቸዋል፤ ነገም ያንኑ ይደግማሉ። ሉዋም ስትመጣ ሁለት ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ታገኛለች። አንዱ የማን እንደ ሆነ ስትጠይቃቸው «ምናልባት ሰመረ ከመጣ ብዬ ነው» ይሏት ነበር።

በመስከረም ወር ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ይህን ጽሑፍ ራሳቸው አዘዙ። እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቁ ሰው ናቸውና ትእዛዛቸው ብዙ ነበር። ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ የሚል እንዳይኖርበት፤ «እነዚያን ለሌላው ሁሉ አድዬ ጨርሻቸዋለሁ» አሉ። የሕመሙ ስም ሳይሸፈን እንዲጻፍ፤ የአባታቸው፣ የወንድማቸውና የእህታቸው ስምም አብሮ እንዲነሣ፤ ወይዘሮ ለምለም እንዲፈቅዱ እንዲጠየቁ። ወይዘሮ ለምለም ፈቅደዋል። ሉዋም የሕመሙን ስም ስትጽፍ እጇ ቀስ ሲል አይተው «ጻፊው፤ እኔ የአባታችንን ብጽፈው ኖሮ መድኃኔ ወንድሜ ቀድሞ በሐኪም ይታይ ነበር» አሏት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊቷ አለቀሱ። ሉዋም የአባቷን ነገር በእርሳቸው አልያዘችባቸውም፣ ያን ጊዜም ነግራቸዋለች።

ከዚያ የአቶ ዑዘይርን ጥያቄ አነሡ። ማን ያንብብልዎ ስትላቸው ብዙ አላሰቡም። «ሰመረ» አሉ። ሐዘንተኛ አያነብም፣ ልማዱ አይደለም ብትላቸው፣ ልማዱን ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ነግረዋት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አቶ ገብረዮሐንስ ተስፋልደት በፕሮስቴት ካንሰር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት በቀጨኔ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ልጃቸውን ሰመረን፣ የልጅ ልጃቸውን ብርኽቲን፣ የወንድማቸውን ሚስት ወይዘሮ ለምለምን፣ የወንድማቸውን ልጅ ሉዋምንና የዕድሜ ልክ ጎረቤታቸውን አቶ ዑዘይርን ትተው ሄደዋል።

በረቂቁ ላይ፣ እዚህ ቦታ፣ «ልጃቸው ሰመረ እስከ ዛሬ አልተመረመረም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሰመረ ትናንት ጽሑፉን ተቀብሎ ብቻውን አነበበው። ያቺን ዓረፍተ ነገርም እንደ አራሚው አባቱ አድርጎ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰርዞ፣ ከላይዋ «ከሠልስቱ ማግስት ከሉዋም ጋር ይሄዳል» ብሎ ጽፎባታል። እርማቱ እንዳለ ታትሟል። አባቱ ይህን ሳያዩ መሄዳቸው ያሳዝነናል፣ ሌላ የምንለው የለንም።

አሁን የሚያነብላችሁ ሰመረ ነው። አቶ ገብረዮሐንስ የተዉት የመጨረሻ አደራ ለልጃቸው አይደለም፣ ለዚህ ሕዝብ ነው። ልጄ እያነበበ ድምፁ ቢቋረጥ ማንም ወረቀቱን ከእጁ አይቀበለው ብለዋል። ዝም ብላችሁ ቁሙ፣ ጠብቁት፣ ራሱ ይጨርሰው።

አምላከ አበው ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ከቆንጅት፣ ከአባታቸው፣ ከወንድማቸውና ከእህታቸው ጋር በአንድ ስፍራ ያሳርፍልን። ብቻቸውን የቆዩትን ሰው ሰው አያሳጣቸው። አሜን።